«ውሃህ እኔ ዘንድ አደረ»፦ የማጠንፈፊያ ቦይና የጉርብትና ታሪክ

(በሆሳዕና ለሕዝብ ክፍት በሆነ ትምህርታዊ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሴ በታሪክ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ እምብዛም አይነሣም። እኛ የታሪክ ሰዎች ውሃ እንዴት እንደ መጣ መጻፍ እንወዳለን። ምንጩን ማን እንዳገኘው፣ ግድቡን ማን እንዳስገነባው፣ ቧንቧው ወደ ከተማው የገባው በማን ዘመን እንደ ሆነ እንመዘግባለን። ውሃው ካገለገለ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ ግን የምንጠይቀው ጥቂት ጊዜ ነው። የሚመጣ ውሃ ይመረቃል፤ የሚሄድ ውሃ አይመረቅም። የሰነድ ክምችቶቻችንም ይህንኑ አድልዎ ይዘው ይገኛሉ። እኔም በዚሁ አድልዎ ሥር ሠላሳ ዓመት ያህል ካስተማርሁ በኋላ ያነቃኝ መጽሐፍ አልነበረም፤ የጎረቤቴ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። ስለዚህ ከራሴ ጥፋት እንድጀምር ፍቀዱልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሀቢቾ ውስጥ አንድ ግቢ ገዛሁ። በጓሮው የቀድሞው ባለቤት ያሠራው የመዋኛ ገንዳ ነበር። ሰውየው ቦታውን የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው አስቦ ሳይሳካለት እንደ ቀረ ሰማሁ። እኔ ስገባ ገንዳው ውሃ አቁሮ፣ አረንጓዴ ለብሶ፣ የእንቁራሪት መኖሪያ ሆኖ ነበር። ወባ ባይኖር እንኳ ቢንቢው አያስተኛም። ከሁሉ በላይ የሰፈሩ ልጆች አጥሩን እየዘለሉ ይመጡ ስለ ነበር አንድ ቀን አንዱ ይሰምጥብኛል የሚል ስጋት አደረብኝ። ስለዚህ ላደርቀው ወሰንሁ።

ገንዳው 8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ጥልቀት ነበረው። ሲባዛ 48 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 48,000 ሊትር ይሆናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንቆጥር 2,400 ጀሪካን ነው። ጀሪካን ተሸክሞ ያደገ ሰው ይህን ቁጥር በትከሻው ያውቀዋል። እኔ ግን በዚያች ቀን አላሰላሁትም። ወሩ ነሐሴ ነበር። የውሃ መሳቢያ ሞተር ተከራየሁ፤ ቱቦውን ከአጥሩ ሥር ወደ ዳገቱ ግርጌ ዘረጋሁ፤ አመሻሽ ላይ ሞተሩን አስነሥቼ ገባሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ጠዋት ስነሣ ገንዳው ባዶ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ደስታዬ እስከ ቁርስ ድረስ እንኳ አልቆየም። ከግቢዬ በታች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እናት በሩን አንኳኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ለብሶ ቆመዋል። እንዲገቡ ብለምናቸው አልገቡም። አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። «ልጄ፣ ውሃህ እኔ ዘንድ አደረ» ብቻ አሉኝ።

ተከትያቸው ወረድሁ። ውሃው በእንሰት ተክላቸው መካከል አልፎ ዋሳ የተቀበረበትን ጉድጓድ ሞልቶታል። ከዚህ አካባቢ ላልሆናችሁ አድማጮች ላብራራ። ዋሳ በሌላው አገር ቆጮ የምንለው ነው። እንሰቱ ይፋቃል፤ ሥሩ ይከተከታል፤ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ በጉድጓድ ይቀበራል፤ ከዚያ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይብላላል። ጉድጓዱ የቤቱ ጎተራ ነው። ከላይ ውሃ ከገባበት ግን የተብላላው ሊጥ ይበሰብሳል። ያ ጉድጓድ ለያሆዴ የተቀመጠ ነበር። ያሆዴ የሀድያ የዘመን መለወጫ እንደ መሆኑ፣ ከሩቅ የሚመጡት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የሚስተናገዱበት ምግብ በአንድ ሌሊት ሄደ።

እዚያው ቆሜ ዋጋውን እከፍላለሁ አልሁ። እሳቸውም ገንዘብ ዋሳውን ሊተካው እንደሚችል፣ በጉድጓድ ውስጥ ያሳለፈውን ጊዜ ግን ሊተካው እንደማይችል ነገሩኝ። ለዚህ ንግግር መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም የለኝም።

ቅጣቱ በዚህ አላበቃም። በሦስተኛው ቀን የገንዳው ወለል ከመካከሉ ተሰነጠቀ። አንድ መሐንዲስ ባልደረባዬ ምክንያቱን አስረዳኝ። በክረምት መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ይጠግባል፤ ይህ የከርሰ ምድር ውሃ ገንዳውን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። ገንዳው ሙሉ ሲሆን የራሱ ውሃ ክብደት ግፊቱን ይመክተዋል፤ ባዶ ሲሆን ግን እንደ ጀልባ ሊንሳፈፍ ይፈልጋል፤ ካልተንሳፈፈም ይሰነጠቃል። ስለዚህ የመሬት ገንዳ የሚደርቀው በበጋ ነው፤ በክሎሪን የታከመ ከሆነም ኬሚካሉ እስኪለቅቀው ድረስ ቀናት መጠበቅ ያስፈልጋል። እኔ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከበታቼ ያሉትን ሰው ሳልጠይቅ፣ ሁለተኛ ጊዜ ከሥሬ ያለውን ውሃ ሳልጠይቅ።

ከዚህ በኋላ የታሪክ ሰው እንደ መሆኔ ወደ ለመድሁት መጠጊያ ሄድሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ውሃን ሲያጠራቅሙ መውጫውን እንዴት ያስቡት ነበር ብዬ ማንበብ ጀመርሁ።

በዓለም ከታወቁት ጥንታውያን ገንዳዎች አንዱ በዛሬዪቱ ፓኪስታን በሞሄንጆ ዳሮ የሚገኘው ታላቁ መታጠቢያ ነው። ዕድሜው ከአራት ሺህ ዓመት ይበልጣል። ርዝመቱ 12፣ ስፋቱ 7፣ ጥልቀቱ 2.4 ሜትር ያህል ነው። ጡቦቹ ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ ውሃ እንዳያሰርግም ሬንጅ መሰል ቅጥራን ተደርጎበታል። እኔን የሳበኝ ግን በአንዱ ማዕዘን ያለው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ውሃውን ጣሪያው በጡብ ወደተደፈነ ትልቅ ቦይ ያወርደዋል። ከተማውም በመንገዶቹ ዳር የተሸፈኑ ቦዮች ነበሩት። እነዚያ ሰዎች ገንዳና መውጫ የአንድ ሐሳብ ሁለት ክፍሎች መሆናቸውን ያውቁ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ የዚህ ዕውቀት ታላቅ ምስክር ላሊበላ ነው። ስለ ላሊበላ ስናስተምር ስለ ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት፣ ስለ ንጉሡና ስለ ቅድስናው እንናገራለን፤ ይገባልም። ነገር ግን አንድ የምሕንድስና ጥያቄ እናስብ። ሕንፃው ከመሬት በላይ ቢሠራ ዝናቡ በራሱ ወርዶ ይሄዳል። ከመሬት በታች ወደ ውስጥ ተፈልፍሎ ሲሠራ ግን በዙሪያው ያለው አጸድ ራሱ ገንዳ ይሆናል። የወሎ ክረምት በዚያ ገንዳ ላይ ሲወርድ ውሃው መውጫ ካላገኘ ቤተ መቅደሱ ሐይቅ ውስጥ ይቆማል። ስለዚህ ፈልፋዮቹ ወለሉን ሲያወርዱ የውሃውን መንገድ አብረው ማውረድ ነበረባቸው። በአጸዶቹ መካከል የምንመላለስባቸው ጥልቅ የዐለት መተላለፊያዎች ለሰው እግር ብቻ ሳይሆን ለውሃም የተሠሩ ናቸው። ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ክፍሎች የሚለየው ዮርዳኖስ የተባለው ቦይም ስሙ መንፈሳዊ ቢሆንም በክረምት ሥራው ውሃ ማውረድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ፍራንሷ ሳቪዬ ፎቬልና ባልደረቦቹ በአንቲክዊቲ መጽሔት ያወጡት ጥናት ላሊበላ በአንድ ጊዜ እንዳልተፈለፈለ፣ ዐለቱ ራሱ እንደ አፈር ንብርብር በየደረጃው ሊነበብ እንደሚችል አሳይቷል። ተማሪዎቼ ከዚህ እንዲወስዱ የምፈልገው ዘዴውን ነው። የተቆረጠ ቦይ ሰነድ ነው፤ የትኛው ከየትኛው በፊት እንደ ነበረ ይናገራል። የዘመናችን ታሪክም አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ትላልቅ መጠለያዎች የተተከሉት ከዝናብ ለመጠበቅ ነው። ስምንት መቶ ዓመት ቆይተንም እዚያው ጥያቄ ላይ ነን ማለት ነው።

ሁለተኛው ምስክሬ ጎንደር ነው። የዐፄ ፋሲል መዋኛ ብለን የምንጠራው ገንዳ በስሙ ከተጠራለት ንጉሥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ከነገሡት ከዐፄ ፋሲለደስ ጋር ይያያዛል። ውሃውን የሚያገኘው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ነው። ይህን የመሰለ ግንብ ውሃ ይዞ እንዲቆይ ያስቻለው የኖራ አሠራር ሲሆን፣ የዘመኑ ጽሑፎች ይህ ሙያ በአባታቸው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እንደ ተስፋፋ ይመሰክራሉ። እኔን የገረመኝ ግን ገንዳው ዓመቱን ሙሉ ሙሉ አለመሆኑ ነው። ለጥምቀት ይሞላል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይለቀቃል፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ዓመት ደረቅ ሆኖ ይከርማል። መሙላቱም መልቀቁም የቀን መቁጠሪያ አላቸው። ልብ በሉ፤ ጥምቀት የሚውለው በጥር፣ በደረቁ ወራት ነው። የእኔ የነሐሴ ሞተር ይህን ሥርዓት አያውቅም ነበር።

ሦስተኛው ምስክሬ ኮንሶ ነው። የኮንሶ እርከኖች እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍሩ የተመዘገበው ቦታ 55 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ፣ ባህሉም ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ እንደ ተሻገረ ተጽፏል። እርከን ውሃን የሚይዝ ብቻ ይመስለናል። በእርግጥ ግን ይይዛል፣ ያሰርጋል፣ የተረፈውንም ታችኛው ማሳ ሳይናድ እንዲወርድ ያደርጋል። ሃርዳ የሚባሉት ኩሬዎችም የሚቆፈሩትና የሚጠረጉት በጋራ ነው። ላይኛው ሰው ካላጠበቀ ታችኛው ይናድበታል፤ ስለዚህ ግንቡ የግል ሊሆን አይችልም።

ነገር ግን ታሪካችንን ሁሉ የጥበብና የስምምነት ታሪክ አድርጌ ካቀረብሁላችሁ አታለልኋችሁ። በጣና ሐይቅ አካባቢ ገበሬው በክረምት ማሳው እንዳይረግረግ በማረሻ የሚያወጣቸው ቦዮች አሉ፤ «ፈሰስ» ይባላሉ። ፈሰስ ሰብሉን ያድናል። ሆኖም በዋንዛዬ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከላይኛው ማሳ በፈሰስ ተሰብስቦ የወረደው ውሃ ታችኛውን ማሳ ይቦረቡራል፤ ቦረቦሩም ጠብ ይወልዳል። ላይኛው «ማሳዬን አዳንሁ» ይላል፤ ታችኛው «ማሳዬን ወሰድህ» ይላል፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። የተበተነ ውሃ በመቶ መንገድ ይወርዳል፤ የተሰበሰበ ውሃ ግን በአንድ መንገድ ይወርዳል፣ ጉልበትም ያገኛል። ቦይ ማለት ውሃን ማስወገድ አይደለም፤ ውሃን ሰብስቦ ለሌላ ሰው ማድረስ ነው።

ሕግ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ሮማውያን የዝናብ ውሃን ስለ መከላከል የሚባል ክስ ነበራቸው። በላይኛው መሬት ያለ ሰው ሥራ ሠርቶ የውሃውን ተፈጥሯዊ አወራረድ ለውጦ ታችኛውን ቢጎዳ፣ ታችኛው ይከስሰዋል። የፈረንሳይ የ1804 የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 640 ታችኛው መሬት ከላይ የሚወርደውን ውሃ እንዲቀበል ያስገድዳል፤ ነገር ግን ውሃው የሰው እጅ ሳይገባበት በተፈጥሮ የሚወርድ መሆን አለበት። ላይኛውም ሸክሙን ሊያከብድ አይችልም። በእኛም አገር በፈረንሳዊው ምሁር በሬኔ ዳቪድ ረቂቅነት ተዘጋጅቶ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለ ሀብት ጎረቤቱን ከመጉዳትና ከማወክ እንዲቆጠብ ያዝዛል። እኔ በዚያ ጠዋት ብከሰስ ኖሮ የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም። ዝናቡ ከሰማይ ነው ልል እችል ይሆናል፤ ሞተሩን ግን የከፈትሁት እኔ ነኝ።

እናታችን ግን አልከሰሱኝም። ሽማግሌ ይቀመጥ አሉ። በሚቀጥለው እሑድ በእሳቸው ደጅ ተቀመጥን። እኔ የጠበቅሁት የካሣ ድርድር ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን የታሪክ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ዶክተር፣ ገንዳው ከመሠራቱ በፊት ውሃው በየት ይሄድ ነበር?» አሉኝ። አላውቅም አልሁ። እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ የማያውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። በሁለቱ ግቢ ድንበር ላይ አባቶቻቸው ያወጡት ቦይ እንደ ነበረ፣ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ከላይና ከታች ያሉ ጎረቤቶች አብረው እንደሚጠርጉት፣ የቀድሞው ባለቤት ገንዳውን ሲያስቆፍር የወጣውን አፈር በቦዩ ላይ እንደ ደፋው አስረዱኝ። እናታችንም ቦዩ ከተደፈነ ወዲህ በየክረምቱ ጓሮአቸው እንደሚረጥብ ተናገሩ። የእኔ ሞተር አዲስ በደል አልነበረም፤ ለዓመታት የቆየን በደል በአንድ ሌሊት ጨረሰው እንጂ።

ስለ ራሴ ሙያ የተማርሁት እዚህ ላይ ነው። ከሩቅ አገር ቤተ መዛግብት ሰነድ ለማግኘት ወራት የምጠብቅ ሰው፣ ከአጥሬ ማዶ ያለውን የቃል መዝገብ አንድ ቀን አልከፈትሁትም ነበር።

ፍርዱ ቀላል ነበር። የጠፋውን ዋሳ በዓይነት እንድተካ፣ ቦዩንም በራሴ ወጪ እንድመልስ ተወሰነ። መስከረም አልፎ መሬቱ ሲጠነክር ሥራ ጀመርን። በድንበሩ ላይ ስንቆፍር በተደፋው አፈር ሥር የአሮጌው ቦይ ድንጋዮች ተደርድረው ተገኙ። ቁፋሮውን ለጊዜው አስቁሜ ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ሠራተኞቹ ሳቁብኝ።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል፤ ከመካከላችሁ ቤት የሚሠራ ይኖራልና። ከጉድጓዱ ሥር ጠጠር ይነጠፋል፤ በላዩ የተበሳ የፒቪሲ ቱቦ ቀዳዳዎቹ ወደ ታች ሆነው ይተኛል፤ እንደገና ጠጠር ይደፋበታል፤ ደለል እንዳይደፍነው ጠጠሩ ውሃ በሚያሳልፍ ጨርቅ ይጠቀለላል። ቱቦው በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ተዳፋቱን የለካነው ውሃ በተሞላ ግልጽ ላስቲክ፣ ሠራተኛው «ውሃ ልክ» በሚለው ነው። በየመታጠፊያው የሚከፈትና የሚጠረግ ማንሆል ተሠራ። ይህ ዓይነት ሥራ በውጭ አገር «ፍሬንች ድሬን» ይባላል። ከፈረንሳይ የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ስሙን ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ እርሻ ማጠንፈፍ መጽሐፍ ከጻፈው ሄንሪ ፍሬንች ከተባለ አሜሪካዊ ዳኛ ነው። ከእሱ በፊት በ1830ዎቹ ጆን ጆንስተን የተባለ ከስኮትላንድ የሄደ ገበሬ በኒው ዮርክ ግዛት በማሳው ሥር የሸክላ ቱቦ በመቅበር ምርቱን ከፍ አድርጎ ነበር። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ በኋላ ተከተሉት። በጊዜው የመካከለኛው አሜሪካ ረግረግ ሰፊ የእህል ማሳ ሆነ። ዛሬ ግን ከእነዚያ ቱቦዎች የሚወጣው ማዳበሪያ ያለበት ውሃ በሚሲሲፒ ወንዝ ወርዶ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ለዓሣ የሚሆን ኦክስጅን እንዲጠፋ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ዋነኛው ነው። ታችኛው ጎረቤት ሁልጊዜ አለ፤ አንዳንዴ ርቀቱ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናል እንጂ።

ይህ ወደ ዋናው ነጥቤ ያደርሰኛል። የእኔ ቱቦ መጨረሻው የመንገዱ ቦይ ነው። የመንገዱ ቦይስ? ወደ ሸለቆው። ሸለቆውስ? ካርታ አውጥቼ በጣቴ ተከተልሁት። የሀድያ ደጋ የውሃ ድንበር ነው። ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ውሃ በብላቴ ወንዝ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ይሄዳል። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ወደ ጊቤ፣ ከዚያም በኦሞ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። ሁለቱም ባሕር አይደርሱም። የአዲስ አበባም ዕጣ እንዲሁ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወድደው ከእንጦጦ ስለ ወረዱ ነው፤ ማለትም ዋና ከተማችን የተወለደችው ከመታጠቢያ ነው። ከፍልውሃ አጠገብ ያለው ባንትይቀጡ ወንዝ ወደ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ በጀመረው የቆቃ ግድብ አልፎ፣ ሰው ለመዋኘት ከሚሄድበት ከሶደሬ አጠገብ ወርዶ፣ የአፋርን ሜዳ አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያልቃል። እርሱም ባሕር አያይም።

ዓባይና ተከዜ ከአገር ይወጣሉ፤ ይህን አልረሳሁም። የእኛ የሆሳዕና ሰዎች ውሃ ግን የሚወጣበት ባሕር የለውም። የምንለቀው ሳሙና፣ የምንጥለው ፕላስቲክ፣ ከማሳችን የታጠበው አፈር የሚቆመው አንድ ሐይቅ ላይ ነው፤ በዚያ ሐይቅ ዳር ደግሞ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ከብት የሚያጠጣ ሰው አለ። «ውሃው ሄደ» የሚለው አባባላችን በዚህ ደጋ ላይ እውነት አይደለም። ውሃው አንድ ሰው ዘንድ ያድራል።

ከዚህ በኋላ ቱቦውን ብቻ ማስቀበር በቂ ሆኖ አልታየኝም። የተሰነጠቀውን ገንዳ ወለል በብዙ ቦታ አስበሳነው፤ ከሥር ድንጋይ፣ ከላይ ጠጠርና አሸዋ ሞላንበት። ከጣሪያዬ የሚወርደው ዝናብ መጀመሪያ ወደዚያ ገብቶ ይሰርጋል፤ ቱቦው የሚቀበለው የተረፈውን ብቻ ነው። ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ግን አሁንም ከበታች ያለው መንገድ ይጥለቀለቃል፤ ምክንያቱም ከእኔ ሌላ በዳገቱ ላይ ብዙ የቆርቆሮ ጣሪያና ብዙ የሲሚንቶ ግቢ አለ። ከተማችን ስታድግ ዝናብ የሚጠጣው መሬት እየቀነሰ፣ በመንገድ የሚሮጠው ውሃ እየጨመረ ነው። ይህን አንድ ባለ ግቢ ብቻውን አይፈታውም፤ አንድ መሥሪያ ቤትም ብቻውን አይፈታውም። የድንበር ቦይ በየዓመቱ አብሮ የመጥረግ ልማድ የጠፋው አላስፈላጊ ስለ ሆነ አይደለም። የቧንቧ ዘመን ሲመጣ ውሃ የራሱ ጉዳይ ያለው መስሎን ተውነው።

ውድ ተማሪዎች፤ በዚህ ሴሚስተር ለሚቀጥለው ክፍል የምሰጣችሁ ሥራ ከዚሁ የወጣ ነው። ወደየቤታችሁ ስትሄዱ በሰፈራችሁ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡትን ሰው ፈልጉና «ይህ ቤት ከመሠራቱ በፊት የዝናቡ ውሃ በየት ይሄድ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን መዝግቡ፤ ከተቻለም ቦታውን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ፤ ንድፉን ሥሩ። አንድ መቶ ተማሪዎች ይህን ብታደርጉ የሆሳዕናንና የአካባቢዋን የጠፉ ቦዮች ካርታ እናገኛለን። ያ ካርታ የታሪክ ሰነድ ይሆናል፤ መንገድ ለሚሠራውም፣ ቤት ለሚያስቆፍረውም ይጠቅማል። ከሁለቱ አንዱ ለሌላው ሲል መቅረት የለበትም።

ጎረቤቴ ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ይህን ንግግር ለሕዝብ ከማቅረቤ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነበር። «ተናገር፤ ግን ቦዩ ዘንድሮ አልተጠረገም» አሉኝ። ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዤ እወርዳለሁ፤ መምጣት የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ ቦት ጫማ አትርሱ።